አላገኘሁትም

አባቴን ሠፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር። ዶክተር አልነበረም። የጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ እንቁላል በብርሃን እያየ የሚለይ ሠራተኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ለቀልድ ያወጡለት ስም የግቢውን በር ተሻግሮ ሠፈር ገባ፤ ሠፈሩም ቀልዱን ረስቶ ስሙን ያዘው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ ቀልድ መሆኑን የነገረኝ የለም። አባቴ የእንቁላል ዶክተር ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ክፍል ውስጥም በዚሁ እኮራ ነበር።

ትምህርቴ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ምሳውን የማደርሰው እኔ ነኝ። ከቤታችን ተነስቶ ጤና ጣቢያውን አልፎ፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን አልፎ፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ማስፈልፈያው ገና ከሩቅ በጠረኑ ይታወቃል፤ የላባ፣ የሞቀ ገለባና የመድኃኒት ሽታ ነው። የአባቴ ክፍል ከሁሉም መጨረሻ ያለችው፣ መስኮት የሌላት፣ በሯ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ የተንጠለጠለባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ጨለማ የሚያስፈልገው ለሥራው ነው። ጠረጴዛው ላይ ውስጡ አምፖል ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ በአንድ ጎኑ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለው። አባቴ እንቁላሉን ቀዳዳው ላይ ለጠፍ ሲያደርገው እንቁላሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ ይበራል። ጤነኛ ከሆነ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ መሃላቸው ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ዓይኑ ናት።

«ይቺ ትቆያለች» ይላል፤ ወደ ትሪው ትመለሳለች። «ይቺ ትሄዳለች» ይላል፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለ ባልዲ ውስጥ ትገባለች። ዓይኑን ከብርሃኑ አይነቅልም፤ እጁ ብቻ ይመላለሳል።

«ብትሳሳትስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«የሞተውን ከተውኩት እዚያው ይገማና ይፈነዳል፤ ጎረቤቶቹንም ያበላሻል» አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ሌላኛው ስህተት ነበር፤ በሕይወት ያለውን ወደ ባልዲው ስለ መክተት። እሱ ግን አልገባውም፤ እኔም አልደገምኩለትም።

አንድ ቀን ባልዲው ውስጥ ከተሰባበሩት መካከል አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሁን ሳስበው አባቴ ባልዲውን በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ፈሳሹ ተናውጦ ነው። ያኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ ባይ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቴ ለሆቴሎች አንሶላ እየተኮሰች ነበር የምትውለው፤ ቤታችን ሁልጊዜ እንፋሎትና የሞቀ ጥጥ ይሸታል። አምስት ወር ሲሞላት ሁለቱ አብረው ትልቁ ሆስፒታል ሄደው በአልትራሳውንድ ታይታ መጡ። ሲመለሱ እናቴ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ቀጥ ብላ ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ሄደች። አንሶላ ዘረጋች፣ ካውያውን አነሳች፣ ወዲያ ወዲህ ትለው ጀመር። ካውያው አልተሰካም ነበር። አንዱን አንሶላ በቀዝቃዛ ብረት ተኩሳ ጨርሳ፣ አጥፋ፣ ሁለተኛውን ዘረጋች። እኔ ልነግራት ስል አባቴ በዓይኑ ተቆጣኝና ወደ ጓዳ ላከኝ።

ጓዳውና ክፍሉ የሚለዩት በሳንቃ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ምን አሉ? ደግመህ ንገረኝ» አለች እናቴ።

«ሰምተሻል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አንተ ንገረኝ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኩላሊት የለውም። ኩላሊት ስለሌለው የሚዋኝበት ውሃ የለም። ውሃ ስለሌለ ሳንባው ማደግ አልቻለም። አንቺ ጋ እስካለ ይኖራል። ሲወለድ… መተንፈስ አይችልም።»

«ስንት ጊዜ?»

«ደቂቃዎች አሉ። ከበረታ አንድ ሰዓት።» ከዚያ፣ «ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ይውጣ፣ ምርጫው የእናንተ ነው ብለዋል። እኔ ምንም አላልኩም፤ ያሉትን ነው የምነግርሽ» አለ።

አንድ ልጅ ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚወስድ እዩልኝ። እኔ የወሰድኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሕፃኑ ውሃ የለውም። ሁለተኛ፣ አባቴ በገዛ አፉ «ይውጣ» ብሏል። የሐኪሞቹ ቃል መሆኑ ከአእምሮዬ በረረ፤ ምክንያቱም በእኔ ዓለም ውስጡን አይቶ የሚፈርድ ሰው አባቴ ብቻ ነበር። ስለ ውሃው ግን ማድረግ የምችለው ነገር ስለነበረ ፈጥኜ በጓሮ በር ወጥቼ ብርጭቆ ሙሉ ቀድቼ መጣሁ።

እናቴ ልክ በዚያች ቅጽበት «አይወጣም። ጌታ የሰጠውን ዕድሜ እኔው ጋ ይጨርሳል» ብላ ነበር። አባቴም «እንዳልሽ፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር፤ ግን ገላው ያንቺ ስለሆነ ልናገር አልደፈርኩም» ብሎ አልቅሷል። ይህን እናቴ የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ እኔ ውጭ ቧንቧው ሥር ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ከምሳ በፊት አንድ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት። እናቴ አንድም ቀን እምቢ አላለችኝም። ብርጭቆውን ትቀበላለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች እስከ መጨረሻው ትጠጣለች፣ «ተባረኪ» ትለኛለች። ሆዷ ግን አልገፋም። የጎረቤት ሴቶች «ከወገብሽ ነው የያዝሽው፣ ወንድ ነው» እያሉ ያጫውቷት ነበር። ወንድ መሆኑንስ በትክክል ገምተዋል።

ረቡዕ ረቡዕ ማታ የጸሎት ሴቶች ቤታችን ይመጡ ጀመር። መሪያቸው ወፍራም፣ ደግ፣ እጇ ሁልጊዜ የሚሞቅ ሴት ነበረች። ስትጸልይ ድምፅዋ ሦስተኛው መንገድ ድረስ ስለሚሰማ አባቴ «እትዬ መለከት» የሚል ስም አውጥቶላት ነበር፤ በሌለችበት እርግጥ ነው። እትዬ መለከት እናቴ ሆድ ላይ እጇን ጭና ኩላሊት እንዲፈጠር ታዝዛለች። አንድም አይደለም፣ ሁለት። ከዚያ ሁላችንንም ትዞርና «የሐኪሙን ቃል በዚህ ቤት የሚደግም እንዳይኖር፤ የተናገሩት ነገር መሬት ይይዛል» ትላለች። እኔ እወዳት ነበር። ከትልልቅ ሰዎች መካከል ሕፃኑ እንደሚያድግ የምታወራ እሷ ብቻ ነበረች፤ ትምህርት ቤት እጁን ይዤ እንደምወስደው ትነግረኝ ነበር።

የእናቴ ጸሎት ግን ያሳፍረኝ ነበር። ብቻዋን ስትሆን አንሶላ እየተኮሰች ትጸልያለች፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ቀስ ብላ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ» ትላለች። «አንዲት ሰዓት። አባቱ አቅፎት፣ እህቱ አይታው፣ በስሙ ጠርተነው። ሌላ አልጠይቅህም።» እትዬ መለከት ሰባ ሰማንያ ዓመት በምትጠይቅበት ቤት፣ እናቴ ከጎረቤት ክብሪት እንደሚዋስ ሰው አንድ ሰዓት ትለምናለች። መጸለይ አታውቅበትም ብዬ ደመደምኩ። ስም አውጥተውለት ነበር፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ የሦስታችን ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከሥራው ቦታ በካርቶን ጠቅልሎ አንድ ነገር ይዞ መጣ። መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት፤ አልዘጉትም። በስንጥቁ አየሁ። እናቴ በጀርባዋ ተኝታ ሆዷን ገልጣለች። አባቴ ከጣሪያው ምሰሶ ላይ በገመድ አንድ ትልቅ መብራት ሲሰቅል ነበር። ሶኬቱ ውስጥ ሲሰካው ክፍሉ በአንዴ ቀላ። የእናቴ ሆድ ቀይ ሆነ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ፤ እጁን ከመብራቱ ሥር አስገባ፣ አወጣ፤ ገመዱን ትንሽ ለቀቀ፣ መልሶ ሳበ።

«አይዞሽ፣ አትነቃነቂ» አለ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። «ትቆያለች» ወይም «ትሄዳለች» እስኪል እየጠበቅሁ ነበር።

«በቃ» አለ አባቴ በመጨረሻ። መብራቱን ነቀለና ዓይኑን ጠረገ። «በቃ፣ ይሄው ነው።»

ፍርዱን ሰማሁ።

ረቡዕ እስኪደርስ አላስቻለኝም፤ በማግስቱ እትዬ መለከት ቤት ሄድኩ። ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«እትዬ፣ አባዬ እማዬን በመብራት አያት።»

«በምን መብራት?»

«እንቁላል በሚያይበት። ሕፃኑ ይውጣ ብሏል። ሰምቼዋለሁ።»

የያዘችውን ልብስ ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ ከተተችው። «በጆሮሽ ሰምተሻል? አትዋሺኝም?»

«በጆሮዬ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። አባትሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው ግን ጌታ በሚሠራበት ክፍል መገኘት የለበትም። ሕፃኑ በሚወለድባት ሰዓት የሚጠራጠር ሰው እዚያ ባይገባ ነው የሚሻለው። ገባሽ? አንቺ ትጸልያለሽ፣ እኔ እጸልያለሁ።»

እትዬ መለከት ለእናቴ አልነገረቻትም፤ አባቴንም አልተናገረችውም። ለአንዲት ልጅ የነገረችውን ቃል ወዲያው ሳትረሳው አልቀረችም። ሁለት ልጆቿን በአንድ ክረምት ቀብራ እንደነበር ያወቅሁት ራሷ በሞተች ጊዜ፣ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ነው። የሐኪም ቃል አይደገም የምትለው ለእኛ ብላ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሁለት ወር ሲቀረው፣ እናቴ ካውያውን በቁሙ አስቀምጣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «እትዬን ጥሪልኝ» አለችኝ። እትዬ መለከት በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች መጣች፤ መኪና ያለው ጎረቤት ተለምኖ ጤና ጣቢያ ደረስን። ትልቁ ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ ደግሞ ሐኪሞቹ ራሳቸው የትም ብትወልድ ለውጥ የለውም ብለው ነበር። ስልክ በየኪሱ ያልነበረበት ዘመን ነው። ኮሪደሩ ላይ እናቴ አግዳሚ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ፊቷ በላብ ረጥቧል፤ ክንዴን ስትይዘኝ አመመኝ።

«ሩጪ፣ አባትሽን ጥሪልኝ። አሁኑኑ ይምጣ በዪው። የትም አትቁሚ።»

ሮጥኩ። የትም አልቆምኩም። የእንጨት መሰንጠቂያውን ሳልፍ ጎኔን ወጋኝ፤ ጎኔን ይዤ ሮጥኩ። የማስፈልፈያው ዘበኛ ያውቀኛል፤ «ዛሬ ምሳው ቸኮለ» ብሎ ቀለደብኝ፤ አልፌው ገባሁ። ጥቁሩ መጋረጃ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ጠርዙን በጣቴ ትንሽ ገለጥኩት።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። አንድ እንቁላል አነሳ፣ አየ፣ ትሪው ላይ አደረገ። ሌላ አነሳ፣ አየ፣ ትሪው ላይ አደረገ። ሦስተኛውን አነሳና ከሌሎቹ ትንሽ ቆይቶ አየው፤ አገላበጠው። ከዚያ ጎንበስ ሳይል፣ ሳያይ፣ ባልዲው ውስጥ ጣለው። ሲሰበር ሰማሁት።

«ብርሃን ገባብኝ፤ መጋረጃውን» አለ ሳይዞር። የሥራ ጓደኛው መስሎት ነው።

መጋረጃውን ለቀቅሁት።

አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የልጆች ውሸት ስሰማ ነው የምውለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን አይቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ዓይኔን ያየ ሰው ቢኖር ምንም ባላገኘ ነበር፤ ምክንያቱም እየዋሸሁ አልነበረም። ወንድሜን እያዳንኩ ነበር። አባቴ ከመጣ አንድ ጊዜ ያየዋል፤ እጁ ደግሞ ፈጣን ነው። ስሄድ የሮጥኩትን መንገድ ስመለስ በእግሬ ሄድኩት። መሰንጠቂያው ደጃፍ ቆሜ ግንድ ሲሰነጠቅ አየሁ። ከሳንቃው የሚወጣውን አቧራ፣ የሠራተኛውን አፍ የሸፈነውን ጨርቅ ዛሬም አስታውሳለሁ። እየጸለይኩ ነበር፤ እትዬ መለከት እንደምትጸልየው፣ ሰባ ዓመት፣ ሰማንያ ዓመት እያልኩ።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ከማዋለጃው በር ሥር ቀይ ብርሃን ይወጣል። የአባቴ መብራት ነው! እንዴት ቀድሞኝ ገባ? አዋላጇ በሩን ከፍታ «ነይ፣ ነይ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» ብላ ሳበችኝ። አባቴ እዚያ አልነበረም። መብራቱ ብቻ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ፣ ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ነበረው። ከሥሩ እናቴ ተኝታለች፤ ደረቷ ላይ ወንድሜ አለ።

ትንሽ ነበር። አፍንጫው ተጫን ያለ፣ ጆሮዎቹ ዝቅ ያሉ፣ ከንፈሩ የሰማያዊ ቀለም ነገር የነካው። ትንፋሹ ሲገባ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና ይሞክራል። እናቴ በስሙ ጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባትሽስ?»

«አላገኘሁትም» አልኩ።

«ሥራ ቦታው የለም?»

«የለም።»

«የት ሄደ አሉሽ?»

«አላውቅም።»

የእናቴን ፊት አየሁ። ማልቀስ አይደለም፤ አንድ ነገር ከፊቷ ላይ ወረደ። እትዬ መለከት ጎረቤቱን በመኪና ወደ ቤት ላከችው፤ ምናልባት ቤት ይኖራል ብላ። ሥራ ቦታው ማንም አልሄደም፤ የለም ተብሏላ። ከዚያ እትዬ መለከት እጇን አንስታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። እናቴ አስቆመቻት። «እትዬ፣ ይብቃ። እባክሽን ዝም ብለን እንየው» አለቻት። እትዬ መለከት አፏን እንደ ከፈተች ዝም አለች። አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የእናቴን እግር ማሸት ጀመረች፤ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልወጣትም።

ወንድሜ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ኖረ። እናቴ የለመነችው ተሰጣት፤ ከነምርቃቱ።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ መነሳት እችል ነበር። ይህን ነው ለራሴ ይቅር የማልለው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወንድሜን ማንም የትም እንደማይጥለው ገብቶኝ ነበር፤ መብራቱም እያሞቀው እንጂ እየመረመረው እንዳልሆነ አይቻለሁ። እናቴ በየደቂቃው በሩን ታያለች። ሮጬ ብሄድ አባቴን ይዤው በደረስኩ ነበር። ግን «የለም» ብያለሁ። ከሄድኩ ውሸቴ ይታወቃል። እምነት የጀመረውን ውሸት ፍርሃት ጨረሰው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ወንድሜ መሞከሩን እስኪያቆም አየሁት።

አባቴ የመጣው ምሳው ቀርቶበት ነው። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ እኔ የለሁም፤ ወደ ቤት ሲመጣ ያ ጎረቤት መንገድ ላይ አገኘው። ሲገባ ወንድሜ ካረፈ ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር። ቱታውን እንኳ አላወለቀም፤ እጁ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ነበር። አልጋው አጠገብ ቆመ። እናቴ ሕፃኑን ዘረጋችለት፤ ተቀበለው። ሲያቅፈው ጭንቅላቱን በክርኑ መታጠፊያ ደገፈ፤ ተለማምዶት ነበር፣ ያስታውቃል።

«አሁንም ይሞቃል» አለ።

«መብራቱ ነው» አለች እናቴ። «የት ነበርክ?»

«እ?»

«ልጅቷን ልኬብህ ነበር። ሥራ ቦታህ ሄዳ አጣችህ። የት ነበርክ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጠዋቱን ሙሉ ከሥራው ወንበር አልተነሳም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ሲለው ከፊቱ ላይ አየሁት፤ ስለ መጋረጃው መሰለኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። የወለሉ ንጣፍ አንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ስባሪውን አየሁ።

«ወጣ ብዬ ነበር» አለ አባቴ።

«የት?»

«ወጣ ብዬ።»

ከዚህ የተሻለ ነገር መፍጠር አልቻለም። ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር።

እናቴ አልጮኸችም፤ ትታው አልሄደችም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ሲያመው ታስታምማለች። ግን እሱ ሲያወራ የምትሰማበት መንገድ ተቀየረ፤ ወሬውን እስኪጨርስ የምትጠብቅ ሰው ሆነች። ከዚያ በፊት በቀልዱ ትስቅ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አውቶቡስ ስንጠብቅ ልነግረው ጀመርኩ። «አባዬ፣ ያን ቀን…» ስል እጁን አነሳ።

«አውቃለሁ» አለ። «ብርሃን ገብቶ ነበር። ለምንድነው ያልጠራሽኝ?»

ነገርኩት። ስለ ባልዲው፣ ስለ ቀዩ መብራት፣ ስለ «ይውጣ»። አንድ አውቶቡስ አለፈን።

«የጫጩት ማሞቂያ ነበር» አለ። «እንዲህ ዓይነት ሕፃን ሙቀት አይዝም ብለውኝ፣ የቀረችውን ሰዓት በርዶት እንዳይሄድ ብዬ ነው። እንዳያቃጥለው የሚሰቀልበትን ቁመት በእናትሽ ቆዳ ለካሁ፤ ገመዱን እዚያው ላይ ቋጥሬ መብራቱን ለአዋላጇ ሰጠኋት።» አፍንጫውን ጠረገ። «ለእናትሽ አትንገሪያት።»

«ለምን? አንተን እኮ ነው የምትወቅሰው።»

«እኔን ትውቀስ። አንድ ልጅ ነው የቀራት፤ እሷንም እንድታጣ ነው የምትፈልጊው?»

አልነገርኳትም። እሱ ስላለ ነው እላለሁ፤ ግን ለእኔም ተመችቶኝ ነበር።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ቀብሩ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከሰዓት ላይ፣ እኔና እናቴ ብርጭቆ እያጠብን ነበር። እኔ አጥባለሁ፤ እሷ ታደርቃለች።

«ጥሩ ሰው ነበር» አለች። «ሐሰት አልናገርም፣ ጥሩ ሰው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የጎደለብኝ።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። «እማዬ፣ አልጎደለም» አልኩ። «ሥራው ላይ ነበር። ከኋላው ቆሜ አይቼዋለሁ። ሳልጠራው ነው የተመለስኩት።»

ከዚያ የቀረውን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ያንኑ አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ታደርቃለች። ስጨርስ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢሆንልኝ እመርጥ ነበር።

«በየማለዳው ጸልዬበታለሁ» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። ‹ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሰው ይቅር የምልበትን ልብ ስጠኝ፤ ልጁን ትቶ የወጣበትን ያን ቀን ከውስጤ አውጣልኝ› እያልኩ። አንዳንዴ ይቅር ያልኩት ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ በር ከፍቶ ሲወጣ ሳየው እንደገና ይነሳብኛል።»

«እማዬ…»

«በልቤ አይደለም የምጸልየው። ድምፅ አውጥቼ ነው፤ እሱ አጠገቤ አልጋው ላይ ተኝቶ። እንዲሰማው ብዬ ነው ብል ይሻላል። ነውር ነው፣ ግን እንዲሰማው ፈልጌ ነበር።» የልብሷን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠኝም። ዝም ብሎ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ስጨርስ ‹አሜን› ይላል።»

እርጥብ እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። አየችው፤ አልያዘችውም።